ፒክአፕ ልገዛ ነው

ጥፋቱ የኔ ነው። እራት ላይ ተቀምጠን፣ ሽሮው ገና እየተንተከተከ፣ ያለ ምንም መግቢያ «ፒክአፕ ልገዛ ነው» አልኩ።

ባለቤቴ ጉርሻዋን አፏ ደጃፍ ላይ አቆመችው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ከኔ አፍ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ወጥቶ ስለማያውቅ «በምን ብር?» ማለቱ እንኳ አልመጣላትም። ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ አንስታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ስለት ነበራት መሰለኝ።

«አዲስ ነው ያገለገለ?»

«አዲስ።»

«ከየት?»

«ከአሜሪካ። የአክስቴ ልጅ ይልክልኛል። ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው።»

ያን ጊዜ ጉርሻው ወደ ትሪው ተመለሰ። «ሦስት! ሦስቱን ምን ታደርጋቸዋለህ?»

«አንዱ ከፊት፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ ከኋላ» አልኩ በኩራት።

የሹም አጀብ መሰላት። ነገሩ ሳይጣራም ስልክ ላይ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት አማቴ ደውለው መረቁኝ። የባለቤቴ ወንድም በወሩ መጨረሻ ቤት ሊቀይር ነውና «ጋሼ፣ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ» አለኝ። የእድራችን ንብረት ያዥ መንገድ ላይ አስቁመው፣ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ከእንግዲህ በጋሪ እንደማይንገላታ በደስታ አበሰሩኝ። «ሦስት ናቸው ሲሉ ሰማሁ፤ አንዷን እንኳ ለእድሩ ብትለቃት!»

እኔ ያልኩት ፒክአፕ ግን የሚነዳው አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ሆድ ላይ፣ ከክሮቹ ሥር ተጋድሞ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፣ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት ረዘም የሚል ዕቃ ነው። ከአሮጌዎቹ አንዱን ፈትቼ በመዳፌ ይዤ ለባለቤቴ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ስንት ኩንታል ትጭናለች?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ጊታር በነፃነት አውርቼ አላውቅም። ስለዚህ ነው ለእናንተ የማወራው።

በልጅነቴ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ነበርኩ። ጊታር ነበርኩ ስል አጃቢ ማለቴ ነው፤ ሊድ የሚመታው ልጅ ሲታመም የሚያስታውሱኝ ዓይነት። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ለብዙ ዓመት ጊታር በእጄ አልነካሁም። አምና የወንድሜ ልጅ ከዱባይ ሲመለስ ቻይና የተሠራ የስትራቶካስተር ጊታር ቅጂ ይዞልኝ መጣ። መልኩ ያምራል፤ ቀለሙ ያብለጨልጫል። አምፕሊፋየሩን ስሰካውና ስከፍተው ግን እኔ ገና ክሩን ሳልነካ እሱ ጀመረ። እምምምምም! የግቢው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ንብ ማርባት ጀመራችሁ እንዴ?» አሉ።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ኋላ ነው። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በግድግዳው ሽቦ፣ በፍሎረሰንቱ፣ በአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ውስጥ የሚደረገውን ይህን ምልልስ ፒክአፑ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል፤ የሰማውን ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል። በሙዚቃ ስሌት 49 ሄርዝ አንድ ወፍራም «ሶል» ነው። ስለዚህ መብራታችን አንዲት ፀጉር ከፍ ብሎ፣ ሶል ላይ ያንጎራጉራል ማለት ነው። ሶል ላይ የሚዘፍን ሰው ባገኝ ያለ ቤዝ ጊታር ማጀብ እችላለሁ። የአሜሪካኖቹ መብራት 60 ላይ ስለሆነ ጩኸታቸው በሁለት ኖታ መካከል ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ስደት የጩኸትን ቅኝት ሳይቀር ያስቀይራል። እኔ ጋ ጩኸቱ ድርግም ብሎ የሚጠፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ። ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩም አብሮ ይጠፋል።

የፒክአፕ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ፤ ከላይ የብረት ክር አለ። ማግኔቱ ክሩን ራሱን ትንሽ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል አብሮ ይዋዥቃል፤ ከዚያ ውዥቀት ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ነገር ነው። ታዲያ ክሩ የግድ ብረት መሆን አለበት። የበገና አሥሩ ክር ከበግ አንጀት ስለሚሠራ ማግኔት ቢደቀንበት ዝም ጭጭ ነው። በገና ለእግዜር እንጂ ለማግኔት አይታዘዝም።

መጀመሪያ የተሳካለት የኤሌክትሪክ ጊታር፣ እነ ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያወጡት፣ ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ ታይቶ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ይህን ለባለቤቴ በደስታ ነገርኳት፤ የጊታር ዘር ከማድ ቤት መሆኑን ብታውቅ ልቧ ይራራል ብዬ። «እንግዲያው ሽንኩርት ክተፍ» አለችኝ።

የኔው የስትራቶካስተር አባት ሊዮ ፌንደር ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ ሰው ነው። ጊታር መጫወት አይችልም፤ ዕድሜ ልኩንም አልተማረም። ጊታር የማይችለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣውን ጊታር ዓለም እስከ ዛሬ ይጫወትበታል፤ ጊታር እችላለሁ የምለው እኔ ደግሞ የሱን ሽቦ እፈታለሁ። ሦስት ፒክአፕ አስቀምጦ፣ መምረጫ ማብሪያውን በሦስት ቦታ ብቻ የሚቆም አድርጎ ሠራው። ተጫዋቾቹ ግን ማብሪያውን በሁለት ቦታዎች መሀል አንጠልጥለው ሲያቆሙት ሁለት ፒክአፕ በአንድ ጊዜ እንደሚናገሩና ድምፁ እንደሚጣፍጥ ደረሱበት። ኩባንያው አምስት ቦታ ያለው ማብሪያ መደበኛ አድርጎ መግጠም የጀመረው በ1977 ነው። እስከዚያ ሰዉ ሁሉ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማብሪያ በጣቱ እያባበለ ኖሯል።

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ላክልኝ ስለው ይልካል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጥያቄ ላከ። ማግኔቱ አልኒኮ ነው ሴራሚክ? አልኒኮ ከሆነ ሁለት ነው አምስት? ሽቦው ስንት ዙር? ስንት ኪሎ ኦም? በእጅ የተጠመጠመ በማሽን? በሰም የተነከረ ያልተነከረ? ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ እንኳ ዘር የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ነው፤ ይኼኛው ወደ ማዕድኑ ወረደ።

እኔም የማላውቀውን ሴት ልጅ ዘር እንደሚያጠና ቤተሰብ ማጥናት ያዝኩ። አልኒኮ ማለት አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር ተዋህደው የሚወጡት ማግኔት ነው። ሁለት ቁጥሩ ደከም፣ ለስለስ ያለ፤ አምስት ቁጥሩ በረታ፣ ጠራ ያለ። ሴራሚኩ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ለሚጮህ ፒክአፕ ይውላል። ሽቦው ከሰው ፀጉር አይወፍርም፤ ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ነው ወደ ስምንት ሺህ ዙር የሚጠመጠመው። ይህ ሽቦ ቢተረተር ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአራት ኪሎ ቢነሳ ስድስት ኪሎ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሦስቱ ፒክአፕ ሲደመር ታክሲ ያስይዛል። ዙሩ በበዛ ቁጥር ድምፁ ይጎላል፣ ይወፍራል፤ ግን የላይኛው ብልጭታ ይቀንሳል። ሁሉን የሚሰጥ ፒክአፕ የለም፤ እንደ አማች ነው።

ሰሙ ጩኸት ለማፈን ነው። ጥምጥሙ ላላ ብሎ ከተንቀጠቀጠ አምፕሊፋየር ሲጎላ ያፏጫል፤ ስለዚህ ሰም ቀልጦ ውስጥ ለውስጥ እንዲገባ ይነከራል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ሰምና መዳብ መጣልኝ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በቅኔ ሰሙን ገፍፈህ ወርቁን ታወጣለህ፤ እዚህ ሰሙን ከገፈፍክ ፉጨቱን ትሰማለህ።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ የእጅ ጥምጥም ነገር ነው። አቢጌይል ኢባራ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1956 ፌንደር ፋብሪካ ገብታ ዕድሜዋን ፒክአፕ ስትጠመጥም ኖራለች። የሷ እጅ ያረፈበትን ፒክአፕ እንደ ጥንት ብራና የሚፈልጉ አሉ። የእጅ ጥምጥም እንደ ማሽን ተራ ጠብቆ አይደረደርም፤ አንዱ ዙር ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ዘሎ ይሻገራል። ጆሮ ያላቸው ሰዎች ውበቱ እዚያ ላይ ነው ይላሉ። እናቴ በእንዝርት የፈተለችው ማግና የፋብሪካው ክር አንድ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ፤ ጋቢው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ግን አንድ አይደሉም። ይህን ሲያስብ ልቡ የማይሸፍት ሰው የለም። ዋጋውን ሳይ ተመለሰልኝ።

የድምፅ መግለጫዎቹ ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። አንዱ ፒክአፕ «ቅቤማ» ነው ይሉታል፣ አንዱ «እንጨታማ»፣ አንዱ «መስታወታማ»፣ አንዱ «ሞቅ ያለ»። እኔ ቅቤ የማውቀው ሲነጠር ነው። ሰፈራችን ያለ ጊታር የሚመታ ወጣት ጠይቄው ነበር። «ፋዘር፣ ሃምባከር ግባበት፤ ሴራሚክ! ግድግዳ ነው የሚያፈርሰው» አለኝ። ግድግዳው የቀበሌ ቤት ግድግዳ ስለሆነ ተውኩት።

ሃምባከር ያለው ግን የዋዛ ነገር አይደለም። የጊታር ኩባንያው የጊብሰን መሐንዲስ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ነው። ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሽቦው ተገላቢጦሽ፣ ማግኔቱም ተገላቢጦሽ። ነገሩ የገባኝ በትዳር ምሳሌ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ማግኔት አያውቅም፤ ሽቦውን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ አንዱ ጥምጥም «ነው» ሲል ሌላው «አይደለም» ይላል፤ ወሬው እዚያው ተጣፍቶ ይቀራል። ከራሳቸው ክር የሚመጣው ድምፅ ግን ሽቦውንም ማግኔቱንም ስለሚያገኝ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይቃናል፤ ሁለቱም በአንድ ቃል «ነው!» ይላሉ። ለጎረቤት ወሬ የማይስማሙ፣ ለቤታቸው ነገር ግን አንድ ድምፅ የሆኑ ባልና ሚስት ማለት ናቸው። በ1957 እነዚህ ፒክአፖች የጊብሰን ጊታሮች ላይ ሲገጠሙ መብቱ ገና አልጸደቀም ነበርና ከሥራቸው «ማመልከቻ ገብቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸው ጀመር። ዛሬ ያ ወረቀት ያለበት ፒክአፕ የወርቅ ዋጋ ያወጣል። እኛ አገር «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚለው ወረቀት በየቢሮው በነፃ ይገኛል፤ የገዛው ሰው ግን አላየሁም።

ሃምባከር ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ለኔ ጊታር እንጨት መፈልፈል ይጠይቃል። ባለቤቴ ፊት መሮ ይዤ መታየቱ ደግሞ አልታየኝም። ስለዚህ መሀል ሰፋሪ ሆንኩ። አልኒኮ አምስት፣ ስድስት ኪሎ ኦም አካባቢ፣ በሰም የተነከሩ ሦስት ነጠላ ጥምጥሞች፤ የመሀለኛው ሽቦውም ማግኔቱም የተገለበጠ። እንዲህ ሲሆን ማብሪያው ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ሲቆም ሁለቱ ነጠላዎች ተጋብተው ሃምባከር ይሆኑና ጩኸቱን ያጠፉታል። በአንደኛ፣ በሦስተኛና በአምስተኛ ግን እያንዳንዱ ብቸኛ ነው፤ ብቸኛ ደግሞ ይጮኻል።

ዕቃው ከአሜሪካ በመጡ አንዲት እናት ሻንጣ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ገባ። ማግኔት መሆናቸውን ማንም አላሰበም። ካልሲውን ስንፈታ ሦስቱ ፒክአፕ መንገዱን ሁሉ የፀጉር ሽቦ፣ ስፒልና አንድ የልብስ መርፌ ለቅመው እንደ ጃርት ቆመዋል። ባለቤቴ መርፌዋን ነጥላ ወሰደች። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ቤታችን ያገኘው የመጀመሪያ ጥቅም እሱ ነው።

ከዚያ የውስጡ ነገር መጣ። ጊታር ውስጥ ከፒክአፑ እስከ ገመዱ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ መምረጫ ማብሪያ፣ እኛ ጠጋኞቹን ተከትለን «ቮሊዩም» የምንላቸው ተሽከርካሪዎች፣ አንድ ካፓሲተር። በስትራቶካስተር አንዱ ቮሊዩም ድምፁን ይመጥናል፣ ሁለቱ ደግሞ ቶን ናቸው፤ የላዩን ቅጥነት ያርቃሉ። የካፓሲተሩ ሥራ ቀጭኑን ድምፅ እየመረጠ ወደ ግራውንድ ማፍሰስ ነው። ይህን ሁሉ የሰለቹም አሉ። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን በገዛ እጁ በገጣጠመው ጊታር ላይ አንድ ቮሊዩም ብቻ አስቀርቶ፣ ላዩ ላይ «ቶን» የሚል ቁልፍ ሰክቶበት ነበር።

መርካቶ ወርጄ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ቮሊዩም ጠየቅሁ። «250 ኪሎ ኦም አለ፣ 500 ኪሎ ኦምም አለ፤ ዋጋው እኩል ነው» አለኝ። ዋጋው እኩል ከሆነ ማን ነው 250 የሚገዛ? 500 ገዛሁ። በደንቡ 250 ለነጠላ ጥምጥም ነው፤ ትንሽ ቅጥነት በጎን እያፈሰሰ ድምፁን ያለዝበዋል። 500 ለሃምባከር ነው፤ ምንም አያስነካም። እኔ ግን ጊታርን በስልቻ እንደሚሰፈር እህል ነው ያየሁት።

አንድ ቅዳሜ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና መበየጃ ይዤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዋልኩ። የእድሩ ንብረት ያዥ ብቅ ብለው «ፒክአፑስ?» አሉኝ። «ተፈቶ ነው» አልኩ። «ገና ሳይነዳ? ሞተሩ ነው?» «ሽቦው ነው።» ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ፤ የአሜሪካ ዕቃ ድሮ ቀረ እያሉ።

መሀለኛው ፒክአፕ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ አሰብኩ። ይህ ተገልብጦ የተጠመጠመ ነው። ተገልብጦ ከተጠመጠመ ሽቦዎቹም ተገልብጠው መበየድ አለባቸው። በሃምሳ ስንት ዓመቴ እንዲህ በጥንቃቄ ያሰብኩበት ነገር ጥቂት ነው። ገልብጬ በየድኩት።

ሲያጌጡ ይመላለጡ። ማብሪያውን ሁለተኛ ቦታ ላይ አድርጌ ክሩን ስመታው የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ የሚያወራው ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ሆድ የሌለው፣ በአፍንጫ የሚወጣ። ጩኸቱ ደግሞ እንዳለ ነው። ባልና ሚስቱ በኔ ብየዳ ምክንያት ነገሩን ሁሉ ገለበጡት፤ በቤታቸው ጉዳይ ተጣሉ፣ በጎረቤት ወሬ ተስማሙ።

የሚገርመው፣ ይህን ቀጭን ድምፅ ፈልጎ የሚሠራው ሰው መኖሩ ነው። የክዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ገና ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ፣ ከአባቱ ጋር ቤታቸው ውስጥ በሠራው ጊታር ላይ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት ሁለት ማብሪያ አለው፤ አንዱ ለማብራት፣ አንዱ ለመገልበጥ። እኔ ያጠፋሁት ጥፋት ለሱ በማብሪያ የሚመጣ ጌጥ ነው። ልዩነቱ እሱ ሲፈልግ መመለስ ይችላል።

አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ሱቃቸው መደርደሪያው ሁሉ ባለቤት ያልመጣለት ሬዲዮና ቴፕ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ስም ተጽፎበታል። ጊታሩን ከፍተው አዩና ዝም አሉ። ሐኪም ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ።

«ይህ እኮ ሬዲዮ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጣቢያ መያዣው ነው የሌለው።»

መሀለኛውን ሽቦ አቃንተው በየዱት። ሁለቱ ብየዳ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከሱቃቸው አሮጌ ማጉያ ጋር ሰክተው «በል ምታ» አሉኝ። መታሁ። ጩኸቱ በሁለተኛና በአራተኛ ቦታ ላይ ጭልጥ ብሎ ጠፍቷል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቃጭል ነው፤ ጆሮ ይላጫል። ፊቴ ግን ሳይፈካ ቀረ።

«ምን ሆንክ?»

«ድምፁ… ያ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ያ ማለት የቱ?»

የቱ እንደሆነ ለማስረዳት በማግስቱ ካሴቱን ይዤላቸው ሄድኩ። በልጅነቴ ቤታችን ቀንና ሌሊት የሚዘፍን የሮሃ ባንድ ካሴት ነው። ከአይቤክስ ባንድ ጀምሮ እስከ ሮሃ ድረስ ሊድ ጊታሩን የሚመታው ሰላም ሥዩም፣ እኛ የኪነት ልጆቹ በጆሯችን እየለቀምን የምንሰርቀው ሰው ነበር። ያ ድምፅ ለኔ የጊታር ድምፅ ማለት ነው። ክብ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ከጋቢ ሥር እንደሚያወራ ሰው ነው። ለሱ ስል ነው አሜሪካ ድረስ የላክሁት።

ሽማግሌው ካሴቱን ከፍተው፣ ጥቂት ሰሙና ዘጉት።

«ይህን ማን ነው የገለበጠልህ?»

«ወንድሜ። ከጓደኛው።»

«ጓደኛውስ?»

«እሱ ከአንድ ቡና ቤት ነው የገለበጠው… ቡና ቤቱ ደግሞ…»

«አየህ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽውታው ይጨምራል፣ የላዩ ድምፅ ይሞታል። የቴፑ ራስ ካልተጠረገ ደግሞ ይብሳል፤ ስንቱን በኮሎኝ ስጠርግ ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ስቱዲዮ የነበረ ሰው ጊታሩን እንዲህ ታፍኖ አልሰማውም። አንተ የምትፈልገው የሰላም ሥዩምን ጊታር አይደለም። የአምስተኛውን ቴፕ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሌሊት ያጠናሁት አልኒኮ፣ ስንት ሺህ የቆጠርኩት ዙር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ የተዘረጋው መዳብ፣ ሁሉም የብልጭታ ነገር ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የናፈቅሁት የብልጭታውን መሞት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ እኩል ዋጋ ነው ብዬ 500 ገዝቼ ብልጭታውን አብሼዋለሁ።

«250 ስታገኝ አምጣና እቀይርልሃለሁ» አሉ። «እስከዚያው ግን…» ብለው ወደ መደርደሪያው ዞሩ። የብርጭቆ ቱቦ ያለው አንድ ትልቅ አሮጌ ሬዲዮ አወረዱ። ጀርባውን ከፍተው ጣት የሚያህል አንድ ካፓሲተር ቆርጠው አወጡና አቧራውን እፍ አሉ። 0.1 ማይክሮፋራድ ይላል።

«አርጅቶ የለም እንዴ?» አልኩ።

«ሬዲዮ ውስጥማ አይታመንም። እዚያ ከፍተኛ ቮልት አለ፤ ሲያረጅ ያፈሳል፣ ሌላውን ያቃጥላል። ጊታር ውስጥ ቮልት የለም። ጡረታ ይወጣበታል።»

ኋላ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ፀጉሬን አቆመው። ሊዮ ፌንደር በ1954ቱ ስትራቶካስተር ውስጥ ያስቀመጠው የቶን ካፓሲተር 0.1 ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከዚያ ያነሰ ነው፤ 0.047 ወይም 0.022። ፉለርተን ላይ የነበረው ሬዲዮ ጠጋኝና አዲሱ ገበያ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ተያይተው አያውቁም፤ እጃቸውን የሰደዱት ግን ወደ አንድ ካፓሲተር ነው።

እዚያው ሱቅ፣ ብየዳው ሲያልቅ ሽማግሌው ቶኑን እስከ መጨረሻው መልሰው ዝቅ አደረጉትና «ምታ» አሉኝ። መታሁ። ከጋቢ ሥር የሚያወራው ሰው መጣ። ወንድሜ ካሴት ሲገለብጥ ማንም እንዳያስነጥስ የሚከለክለን ክፍል፣ የላምባው ሽታ፣ ሁሉም መጣ። ሒሳብ ስጠይቅ «የቡና» ብለው ያሉኝን ልጽፈው አልችልም፤ ከአሜሪካ ያስመጣሁበትን ዋጋ የሚያውቁ ዘመዶች ይህን ሊያነቡት ይችላሉ።

ልወጣ ስል ያ የተከፈተው ሬዲዮ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አየሁ። ቀለሙ ጠፍቶ ስሙ አይነበብም። የቀረው «ወ/ሮ» የሚለው ብቻ ነው።

«ባለቤቷ ቢመጡስ?» አልኩ።

«ከመጡ ጊታርህን ይዘህ ትመጣለህ» አሉኝ ሳይስቁ።

እንግዲህ አሁን ጊታሬ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ፒክአፕ፣ ሦስት የመርካቶ ቮሊዩምና አንዲት ወይዘሮ አሉ። ፒክአፖቹ ጥሩ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ቶኑን ዝቅ ሳደርግ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ስለዚህ አከብራታለሁ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው እየተፈላ፣ ያንን የካሴቱን ዜማ ጀመርኩ። ባለቤቴ ረከቦቱን ትታ ቀና አለች።

«እንደ ቴፑ ሆነ እኮ!» አለች። «እንዴት አደረግኸው?»

«ወይዘሮዋን ነክቻት ነው» አልኩ፣ ሳላስብ።

ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ ሁሉ ፀጥ አለ።

«ማናት ወይዘሮዋ?»

ጥፋቱ አሁንም የኔ ነው።